የጥንት ጠበቆች ደብዳቤ ከነጥቅሉ ይቀመጥ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ቀደም ባለ እትማችሁ በውጭ አገር የጥንት የእጅ ጽሑፍ ስለሚሰበስቡ ሰዎች ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ፣ የቀድሞ የእንግሊዝ ዳኞችና ጠበቆች በእጃቸው የጻፏቸውን ደብዳቤዎች በጨረታ እየገዙ የሚያከማቹ እንዳሉ ተጠቅሶ፣ ነገሩ ገንዘብና ጊዜ የተረፋቸው ሰዎች መዝናኛ ተደርጎ ቀርቧል። እኔ በጎጃም ፍርድ ቤቶች ለረጅም ዘመን በጥብቅና ሠርቼ አሁን በደብረ ማርቆስ ከተማ በጡረታ የምኖር ሰው ነኝ። የእንግሊዝን የሕግ ታሪክ ከተማሪነቴ ጀምሮ ሳነብ በመኖሬ ስለ እነዚህ ደብዳቤዎች ጥቂት የማውቀው አለኝ፤ ጉዳዩም ከለንደን ሰዎች ይልቅ ዛሬ እኛን ጎጃሞችን በብርቱ የሚመለከት ሆኖ ስላገኘሁት፣ የሚከተለውን አስተያየቴን እንድታትሙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የፓስተን ቤተሰብን ደብዳቤዎች አነሣለሁ፤ ለጎጃም አንባቢ ከእነዚህ ይበልጥ የሚቀርብ የእንግሊዝ ጽሑፍ አላውቅምና። በምሥራቅ እንግሊዝ በኖርፎክ ግዛት ዊልያም ፓስተን (እ.ኤ.አ. 1378–1444) የሚባል ሰው ነበር፤ ሕግ ተምሮ ከአገሪቱ ዐበይት ፍርድ ቤቶች በአንዱ ለዳኝነት በቃ፤ ባገኘውም ገንዘብ መሬት ገዛ። የተወው መሬት ግን ወራሾቹን ከሙግት ወደ ሙግት ሲያንከራትት ኖረ። ልጁ ጆን ፓስተን በለንደን ኢነር ቴምፕል በሚባለው የጠበቆች ማኅበር ሕግ የተማረ ሲሆን፣ ብዙ ዘመኑን የፈጀው በለንደን ፍርድ ቤቶች ደጅ በመጥናት ነው። ባለቤቱ ማርጋሬት አገር ቤት ቀርታ ርስቱን ትጠብቅ ስለነበር፣ በባልና በሚስቱ መካከል የተመላለሰው ደብዳቤ ከሌላው የቤተሰቡ ጽሑፍ ጋር ተጠብቆ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1448 በላከችው ደብዳቤ ማርጋሬት ቤቱን ከባላጋራ የምትከላከልበት ቀስትና መጥረቢያ እንዲልክላት ባሏን ትጠይቅና፣ እዚያው ላይ ስኳርና ለልጃቸው ቀሚስ የሚሆን ጨርቅ እንዲገዛላት ታዘዋለች። የጆን እናት አግነስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1445 በለንደን ሕግ ይማር ለነበረው ለሌላው ልጇ ለኤድመንድ ስትጽፍ፣ ቤተሰቡ ስሙን ባገኘበት በፓስተን መንደር የሚኖር ሰው ራሱን መከላከል ማወቅ እንደሚኖርበት አባቱ ደጋግሞ ይናገር እንደነበር አስታውሳ፣ ሕግ እንዲማር የሰጠውን ምክር እንዳይዘነጋ ታሳስበዋለች።

በጎጃም ይህንኑ ለልጁ ያልተናገረ ወላጅ ስንት ነው? ርስት ከዋና አባት ጀምሮ በትውልድ እየተቆጠረ ድርሻው በሚጠየቅበት ዘመን፣ የአባቶቹን ስም መቁጠር የማይችልና ዳኛ ፊት ቆሞ መናገር የማያውቅ ሰው መሬቱን እያየ ይነጠቅ ነበር። ቆሎ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ቅኔ ዘርፎ ሲመለስ ቤተሰቡ ከሚደሰትበት ምክንያት አንዱ፣ ከእንግዲህ አቤቱታ የሚጽፍልን ሰው በቤታችን አለ የሚል ነበር። ማርጋሬትና አግነስ ደብዳቤያቸውን በጸሐፊ እጅ ያስጽፉ እንደነበረ ሁሉ፣ የቢቸናና የሞጣ እናቶችም ለነገረ ፈጃቸው የሚልኩትን መልእክት በአጥቢያቸው ደብተራ እጅ ያስጽፉ ነበር። በደብዳቤው ላይ የሚነበበው ፊደል የደብተራው ሲሆን ንግግሩ ግን የሴትዮዋ ነው፤ ቁጣዋ፣ ልመናዋ፣ ስለ በሬውና ስለ ዘሩ ያላት ጭንቀት ሳይቀር እንዳለ ሰፍሯል። ሰብሳቢዎች ባለቤቱ በራሱ እጅ ያልጻፈውን ደብዳቤ ዋጋ ዝቅ ያደርጉበታል። ይህ የገበያ ልማድ እንጂ የታሪክ መለኪያ አይደለም፤ በእነርሱ መለኪያ ከሄድን የማርጋሬት ደብዳቤዎች ራሳቸው ከተራ ወረቀት ሊቆጠሩ ነው።

የፓስተን ደብዳቤዎች በኋላ የደረሰባቸውም ነገር ለእኛ ትምህርት አለው። ጆን ፌን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1787 የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅጾች አሳትሞ ዋናዎቹን ደብዳቤዎች ለንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ አበረከተ። ከዚያ በኋላ ወረቀቶቹ የት እንደገቡ ሳይታወቅ ከመቶ ዓመት በላይ ቆዩ። በዚህ መካከል ጠቅላላው ነገር የፈጠራ ሥራ ሊሆን ይችላል ብሎ በጽሑፍ የተከራከረ ምሁር ተነሣ፤ ዋናው ሰነድ በሌለበት የታተመውን ግልባጭ ብቻ ይዞ ለተጠራጣሪ ማስረዳት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ደግሞ ማንኛውም ጠበቃ ያውቀዋል። የጠፉት ደብዳቤዎች እ.ኤ.አ. በ1889 ሰፎክ ውስጥ በአንድ መኖሪያ ቤት ተገኙና በ1933 የብሪታኒያ ሙዚየም ገዛቸው። ለቤተ መንግሥት የተሰጠ ስጦታ እንኳ እንዲህ ከጠፋ፣ በግለሰብ ሳጥን ውስጥ ስላለው ወረቀት ምን እንደምል አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። በእንግሊዝ አገር የጠበቆችን ደብዳቤ መሰብሰብ በሁለት መንገድ ሲካሄድ ኖሯል፤ አንደኛው ብዙ ጥፋት አድርሷል፣ ሁለተኛው ብዙ አድኗል። እኛም በጎጃም የትኛውን እንደምንከተል ሳንወስን አንደኛውን ጀምረነዋል ብዬ እፈራለሁ።

ጥፋት ያደረሰው ፊርማ መሰብሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 የአንድ ፔኒ ቴምብር ከመውጣቱ በፊት በእንግሊዝ ደብዳቤ በኤንቬሎፕ የሚላከው ከስንት አንዴ ነበር፤ ወረቀቱ ራሱ ታጥፎ በሰም ይታሸግና አድራሻው በውጭ በኩል ይጻፍበታል። የፓርላማ አባላት በፖስታ ቤት ያለ ክፍያ የመላክ መብት ስለነበራቸው ስማቸውን ከውጭ ይፈርሙ ነበር፤ ከ1784 ወዲህ ደግሞ መብቱ ለሌላ ሰው እንዳይተላለፍ ሲባል ሙሉ አድራሻውንና ቀኑን በራሳቸው እጅ እንዲጽፉ ተገደዱ። እ.ኤ.አ. በ1794 በአገር ክህደት የተከሰሱትን ሰዎች ተከራክሮ ነጻ ያወጣው ቶማስ ኧርስኪን፣ በ1820 ለንግሥት ካሮላይን የተከራከረው ሄንሪ ብሩም፣ ለብዙ ዓመታት ሎርድ ቻንስለር (የአገሪቱ ከፍተኛ የሕግ ሹም) የነበረው ኤልደን፣ ሁሉም በፓርላማ የተቀመጡ ሰዎች ናቸውና የዚህ መብት ተጠቃሚዎች ነበሩ። ሰብሳቢዎች ግን ደብዳቤውን ትተው ስምና አድራሻ ያለበትን የውጭ ክፍል በመቀስ እየቆረጡ በአልበም ላይ ይለጥፉ ጀመር። ከአድራሻው ጀርባ ያለው ጽሑፍም አብሮ ይቆረጣል፤ ደብዳቤው ለማን እንደተላከና መቼ እንደተጻፈ የሚናገረው ክፍል ከአካሉ ይለያል። ዛሬ የእነዚያ ሰዎች ፊርማ በየአልበሙ እንደ ልብ ሲገኝ፣ ፊርማው የነበረበት ደብዳቤ ግን ብዙ ጊዜ የለም።

በእኛ አገር መቀስ የሚያርፈው በማኅተሙና በቴምብሩ ላይ ነው። የቀድሞ መኳንንትን ማኅተም ብቻ ቆርጠው የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ የቀረጥ ቴምብሩን በእንፋሎት አላቅቀው የክስ ማመልከቻውን የሚጥሉም አይቻለሁ። ማኅተም ያለ ቃሉ ምን ይነግረናል? የአንድ ባላባት ማኅተም መቼ፣ በምን ጉዳይ፣ ለማን እንደተመታ ካልታወቀ ጌጥ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ማኅተሙን የቆረጠው ሰው ለሻጭነቱም ቢሆን ከሳሪ ነው፤ ሙሉው ደብዳቤ ከተቆረጠው ማኅተም የሚበልጥ ዋጋ እንደሚያወጣ የሚነግረው ሰው አላገኘም።

ብዙ ያዳነው ሁለተኛው መንገድ ደግሞ የጠበቃውን ወረቀት በሙሉ፣ በተገኘበት አኳኋን፣ ከነጥቅሉ ተቀብሎ ወረቀቱ በተጻፈበት አካባቢ ማስቀመጥ ነው። የዚህን አመጣጥ በጥቂቱ ላብራራ። እ.ኤ.አ. በ1925 በእንግሊዝ የወጣው የንብረት ሕግ የመሬት ሻጭ ባለቤትነቱን ለማስረዳት በመርሕ ደረጃ ከ30 ዓመት ወዲህ ያለውን ሰነድ ብቻ ቢያቀርብ በቂ እንዲሆን አደረገ። በየከተማው ያሉት ሶሊሲተሮች፣ ማለትም ከደንበኛው ጋር ተገናኝተው ውልና ሰነድ የሚያዘጋጁት የሕግ ባለሙያዎች፣ በምድር ቤታቸው ለብዙ መቶ ዓመት የተከማቸው ውልና ደብዳቤ በአንድ ጊዜ ጥቅም አልባ ሆነባቸው። አንዳንዶቹ አቃጠሉት፤ አንዳንዶቹ ሸጡት፤ የብራና ውሎች ለመብራት ጥላ መሥሪያ ሲውሉ ታይቷል። ይህን የተመለከቱ የታሪክና የሕግ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1932 የብሪታኒያ የመዛግብት ማኅበርን አቋቋሙ። ማኅበሩ ከለንደን የሕግ ቢሮዎች የሚጣለውን ወረቀት እየተቀበለ፣ የየትኛው ግዛት እንደሆነ እየለየ፣ ወደየግዛቱ መዝገብ ቤት ይልክ ጀመር። የግዛት መዝገብ ቤት ማቋቋም በቤድፎርድሺር እ.ኤ.አ. በ1913 ተጀምሮ ነበርና የሚላከውን የሚቀበል ቦታ ተገኘ። የጠበቆቹ ደብዳቤ ከውሉና ከክሱ ሳይለይ የተረፈው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው።

በእኛ አገር ከዚያ ሕግ ጋር የሚመሳሰል ውጤት ያስከተለው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። የአዋጁን ፍትሐዊነት ለመመርመር አልተነሣሁም። መሬት የሕዝብ ሀብት በሆነ ጊዜ ግን የርስት ክርክር መሠረቱን አጣ፤ ከአያት የተወረሰው የፍርድ ግልባጭ፣ የትውልድ ቆጠራው፣ የነገረ ፈጁ ደብዳቤ በአንድ ጀምበር ማስረጃ መሆኑ ቀረ። በዚያ ዘመን የባላባት ወረቀት ይዞ መገኘት የሚያስፈራ ነገር ስለነበር ያቃጠለው ብዙ ነው። ያላቃጠለው በሳጥን ውስጥ ተወው፤ ምስጥና አይጥ ተካፈሉት። የተረፈውን ደግሞ የልጅ ልጆቹ ቤት ሲያፈርሱ ወይም ወደ ከተማ ሲገቡ ለሱቅ በኪሎ እየሸጡት፣ በርበሬና ቆሎ መጠቅለያ ሆኗል። እንግሊዞቹ ሕጋቸው ከወጣ በሰባት ዓመት ውስጥ ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ እኛ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አሳልፈን ገና በመነጋገር ላይ ነን።

እንዲህ ያለ ጥቅል ቢፈታ ምን ይገኝበታል ለሚለኝ አንባቢ የማውቀውን ልናገር። የቀድሞ ነገረ ፈጅ የአንዱን ደንበኛ ወረቀት ሁሉ አንድ ላይ በገመድ አስሮ ያስቀምጣል። በላዩ የውክልናው ወረቀት አለ፤ ከሥሩ በኮፒያ እርሳስ የተጻፈ የአቤቱታ ረቂቅ፣ በካርቦን የወጣ ግልባጭ፣ የባላጋራ መልስ፣ የምስክሮች ስም ዝርዝር፣ ለዳኝነት የተከፈለበት ደረሰኝ ይገኛል። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የትውልድ ቆጠራው ነው። ከአንድ አባት ተነሥቶ በወንድም በሴትም እየወረደ፣ ማን ማንን ወለደ፣ ማን ሳይወልድ ሞተ፣ ማን ወደ ሌላ አገር ሄደ የሚለውን ለዳኛ ለማስረዳት የተጻፈ ወረቀት ነው። የሴቶቹ ስም ሳይቀር በዚህ ወረቀት ላይ ይገኛል፤ ርስት በእናትም በኩል ይጠየቅ ነበርና። የቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል ስለ እነዚህ ሰዎች አንድ መስመር አይጽፍም። ባላጋራው ደግሞ የራሱን ቆጠራ ያቀርባል፤ ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ላይ ሲነበቡ የአንድ ቀበሌ ታሪክ ከሁለት ወገን ይታያል። አንዱ ተሽጦ አንዱ ቢቀር ግን የቀረው ወረቀት ባላጋራ የሌለበት ክርክር ነው፤ ባለጉዳዩ እርግጠኛ ሆኖ የተናገረውን ሁሉ እንደ እውነት ልንቀበል ነው።

ጥቅሉ ሳይፈታ እንዲቀመጥ የምጠይቅበት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እርሱም የዘመን አቆጣጠር ነው። በድሮው ልማድ ጸሐፊው ወርና ቀኑን ይጽፍና ዓመቱን በወንጌላዊው ስም ብቻ፣ በዘመነ ማርቆስ ወይም በዘመነ ሉቃስ ብሎ ያልፈዋል። ዘመነ ሉቃስ በየአራት ዓመቱ ይመለሳል፤ ደብዳቤው ብቻውን ከተገኘ ከአሥር የሉቃስ ዘመናት የየትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። በዚያው ጥቅል ውስጥ ዓመተ ምሕረቱ የተጻፈበት አንድ የፍርድ ቤት ደረሰኝ ካለ ግን የሌሎቹ ወረቀቶች ዘመን በእርሱ ይታወቃል። ገመዱን ፈትቶ ወረቀቶቹን በውበታቸው የሚለያይ ሰብሳቢ ይህን መረጃ ለዘለዓለም ያጠፋዋል፤ ያጠፋ መሆኑንም አያውቀውም።

ስለ ንባቡ ጥቂት ልጨምር። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች እስከ እ.ኤ.አ. 1733 ድረስ መዝገባቸውን በላቲን ቋንቋ፣ ከባለሙያ በቀር ማንም ሊያነብበው በማይችል የፍርድ ቤት አጻጻፍ ይይዙ ነበር፤ ፓርላማው ይህን በሕግ ካስቀረው በኋላም የጠበቆቹ እጅ ጽሑፍ አልተሻሻለም። ጆን ቤል ስለተባለ ታዋቂ ጠበቃ ሲነገር፣ ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ነበረው ይባላል፤ አንዱን እርሱ እንጂ ጸሐፊው አያነበውም፣ ሁለተኛውን ጸሐፊው እንጂ እርሱ አያነበውም፣ ሦስተኛውን ሁለቱም አያነቡትም። ሊንከንስ ኢን ከሚባለው የጠበቆች ማኅበር ወጥቶ በጥብቅና ሳይሠራ ዘመኑን ሁሉ ሕግን ሲተች የኖረው ጄረሚ ቤንታም የተወው 60,000 ያህል ቅጠል ወረቀት በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይገኛል፤ ኮሌጁ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ፎቶውን በኢንተርኔት እያወጣ በፈቃደኛ አንባቢዎች ያስገለብጠዋል። እኛ በዚህ ረገድ ከእነርሱ የተሻለ ዕድል አለን፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሠለጠነ ጸሐፊ ፊደሉን አጣርቶ ስለሚጥል፣ የመቶ ዓመት ደብዳቤ ዛሬ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያለ ብዙ ችግር ያነበዋል። ማስተማር የሚያስፈልገው የግእዝ ቁጥሩን ብቻ ነው።

ደብዳቤዎቹ የሚፈለጉት የት ነው? ይህን ጥያቄ የማነሣው ብዙ ሰው ወደ ቀድሞ ጠበቆች ወራሾች ብቻ ስለሚያመለክት ነው። ደብዳቤ የሚቀመጠው በተቀበለው ሰው ቤት እንጂ በጻፈው ሰው ቤት አይደለም። በእንግሊዝ ዋና ዳኛ የነበረው ሎርድ ማንስፊልድ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1780 በለንደን በተነሣው ሁከት ቤቱ ሲቃጠል መጻሕፍቱና ጽሑፎቹ አብረው ነድደዋል። ለሌሎች ሰዎች የጻፈው ግን በየተቀባዮቹ ቤት ተርፏል። ስለዚህ የአንድ የደብረ ማርቆስ ነገረ ፈጅ ደብዳቤ የሚገኘው ምናልባት በደጋ ዳሞት ወይም በእነብሴ ገጠር፣ በአንድ ባለጉዳይ የልጅ ልጅ ቤት ነው። ዳንግላ ላይ ደግሞ ከጣሊያን ወረራ በፊት የብሪታኒያ ቆንስላ ነበረ፤ ቆንስሉ ሜጀር ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዚያ ተቀምጧል። የብሪታኒያ የውጭ ጉዳይ መዛግብት በለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ መዝገብ ቤት ተመዝግበው ለተመራማሪ ክፍት ናቸው። ስለ ጎጃም በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ለንደን ሄዶ ማንበብ፣ ጎጃሞች ስለ ራሳቸው በአማርኛ የጻፉትን ጎጃም ውስጥ ከመፈለግ ይቀላል ማለት ነው።

ባለቤትነቱን በሚመለከት የእንግሊዝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1741 ያስቀመጠው መርሕ ዛሬም ያስኬዳል። ባለቅኔው አሌክሳንደር ፖፕ ደብዳቤዎቹን ያለ ፈቃዱ ባሳተመ አንድ መጽሐፍ ሻጭ ላይ ክስ ሲያቀርብ፣ ሎርድ ቻንስለር ሃርድዊክ ወረቀቱ የተቀባዩ ቢሆንም ቃሉን የማሳተም መብት ግን የጸሐፊው ሆኖ ይቀራል ሲል ወሰነ። በእኛም አገር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በግለሰብ እጅ እንዲቆይ ይፈቅዳል፤ ባለይዞታውን ግን የመጠበቅ ግዴታ ያሸክመዋል። ስለዚህ ሳጥኑን ለማሳየት የሚፈሩ ቤተሰቦች ማሳየት ማስረከብ አለመሆኑን ሊያውቁት ይገባል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ምሥጢሩ ነው፤ በዚህ ላይ ከወጣት ተመራማሪዎች ጋር ስንከራከር ቆይተናል። እነርሱ የተገኘው ሁሉ ወዲያው ፎቶ ተነሥቶ ለሕዝብ ይውጣ ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ደንበኛ ለጠበቃው የገለጠው ምሥጢር ሰውየው ቢሞትም ምሥጢርነቱ አይቀርም፤ የእንግሊዝም ሕግ እንዲሁ ይላል። በእኛ አካባቢ ደግሞ ነገሩ ከመርሕ አልፎ የሕይወት ጉዳይ ነው። የነፍስ ግድያ ክርክር በሚገኝበት ጥቅል ውስጥ ማን እንደ ገደለ፣ ማን እንደ ደበቀ፣ ማን በሐሰት እንደ መሰከረ በስም ተጽፏል። ቤተሰቦቹ በሽማግሌ ታርቀው፣ ጉማ ተከፋፍለው፣ ተጋብተው ሊሆን ይችላል፤ የአያትን ስም በስልክ ላይ የሚያነብ የልጅ ልጅ ግን እርቁን አያውቀው ይሆናል። በብሪታኒያ መዝገብ ቤቶች አንዳንድ ሰነዶች እስከ 100 ዓመት ድረስ ተዘግተው እንደሚቆዩ ሁሉ፣ የደም ጉዳይ ያለበት ጥቅል ታሽጎ የሚከፈትበት ዓመት ከላዩ ተጽፎ ሊቀመጥ ይገባዋል። መዝጋት ማጥፋት አይደለም፤ ለብዙ ቤተሰቦች ደግሞ ወረቀቱን ከማቃጠል የሚያድናቸው ብቸኛው ዋስትና ይህ ይመስለኛል።

አያያዙን በአጭሩ ልናገር። አሮጌ ደብዳቤ በፕላስቲክ በሙቀት አይታሸግ፤ አንዴ ከታሸገ ሳይጎዳ ማውጣት አይቻልም። የተቀደደው በፕላስተር አይያያዝ፤ ማጣበቂያው ቀለሙን እየበላ ወረቀቱን ያጠቁረዋል። ፀሐይ ላይ አይሰጣ። ምልክት ማድረግ ካስፈለገ በተራ እርሳስ፣ በወረቀቱ ጠርዝ ይደረግ። ገመዱ ከመፈታቱ በፊት ጥቅሉ እንዳለ ፎቶ ይነሣ፤ ከዚያም እያንዳንዱ ወረቀት በተደራረበበት ቅደም ተከተል ፎቶ ተነሥቶ በዚያው ቅደም ተከተል ይመለስ። ይህን ለማድረግ ስልክና ትዕግሥት ይበቃል፤ የውጭ ባለሙያ መጠበቅ አያስፈልግም።

የማቀርበው ሐሳብ እንግዲህ የሚከተለው ነው። በጎጃም ከተሞች የሚሠሩ ጠበቆች ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሕግና የታሪክ መምህራን ጋር ሆነው አንድ አነስተኛ ኮሚቴ ያቋቁሙ። ኮሚቴው መጀመሪያ የማንንም ወረቀት ሳይወስድ በማን ቤት ምን እንዳለ ብቻ ይመዝግብ፤ እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ1869 ባቋቋሙት የታሪክ የእጅ ጽሑፎች ኮሚሽን አማካይነት ሥራውን የጀመሩት በየሰው ቤት ያለውን ዞሮ በማየትና በመዘርዘር ነበር። መስጠት የሚፈልግ ቤተሰብ ሲገኝ ወረቀቱ በደብረ ማርቆስ ይቀመጥ፤ ለአዲስ አበባው ወመዘክር ፎቶው ይላክ። ወረቀቱ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ይሂድ የሚሉትን ወገኖች ሐሳብ አከብራለሁ፤ ነገር ግን የቢቸና ገበሬ የአያቱን ሙግት ለማንበብ ዓባይን መሻገር የለበትም። በየፍርድ ቤቱ ደጅ ተቀምጠው ራፖር ሲጽፉ ያረጁ ሰዎችም በኮሚቴው ውስጥ ይግቡ፤ ፊርማ በሌለበት ረቂቅ ላይ አጣጣሉን ብቻ አይተው ይህ የእገሌ እጅ ነው ብለው የሚለዩ ከእነርሱ በቀር ሌላ ሰው የለንም፤ ቁጥራቸውም በየዓመቱ እየቀነሰ ነው።

መኸሩ ገብቶ መንገዱ ሲደርቅ ሥራው በቢቸናና በሞጣ ቢጀመር መልካም ነው፤ የርስት ክርክር ወረቀት በብዛት ይገኝባቸዋል ብዬ የምገምታቸው የቀድሞ አውራጃዎች እነዚህ ናቸውና። እኔ ከቀድሞ አሠሪዬ የተረከብኳቸውንና በራሴም ዘመን የተጠራቀሙትን ጥቅሎች፣ የነፍስ ግድያ ጉዳይ ያለባቸው ታሽገው እንዲቆዩ በሚል ግዴታ፣ ኮሚቴው በተቋቋመ ዕለት ለማስረከብ ዝግጁ መሆኔን በዚህ ደብዳቤ አረጋግጣለሁ። በጋዜጣችሁ አማካይነት ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች ቢገኙ አድራሻዬ በዝግጅት ክፍላችሁ ስላለ እንድታገናኙን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ ጡረተኛ ጠበቃ
ከደብረ ማርቆስ